ስትሄዱ ለማን እነግራለሁ? በሎስ አንጀለስ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች መካከል የሚያገለግሉ አረጋውያን ጥንዶች



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ጥያቄው የእኔ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ለጥናት በቆየሁበት ወቅት፣ ከኤል ሳልቫዶር የፈለሰች አንዲት እናት ሊጠይቋት ለመጡ አረጋውያን ባልና ሚስት ያቀረበችው ነው። «እናንተ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እኔ ጉዳዬን ለማን እነግራለሁ?» አለቻቸው። ሁለቱም ዝም አሉ። የዛሬው ንግግሬ ያንን ዝምታ ለመረዳት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አስቀድሜ የጥንዶቹን ማንነት ልግለጽ። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ተቋም አባላት ናቸው። እኔ የዚህ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ጉዳዩን የምመለከተው በማኅበረሰብ ጥናት ዓይን ነው። የዚህ ተቋም ሚስዮናውያን ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጡት ነጭ ሸሚዝና ከረባት ያደረጉ ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱ ጎን ግን ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ጡረታ ወጥተው፣ በራሳቸው ወጪ የሚያገለግሉ ባልና ሚስት አሉ። የአገልግሎት ዘመናቸው ከ6 እስከ 23 ወራት ይደርሳል። እንደ ወጣቶቹ ከበር ወደ በር እየዞሩ እንዲሰብኩ አይጠበቅባቸውም። ብዙዎቹ አባላትን እየጠየቁ፣ ለአዳዲስ የአጥቢያ መሪዎች እገዛ እያደረጉ ይቆያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያስቆመናል። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሚስዮናዊ ገና በ18 ዓመቱ «ሽማግሌ» የሚል ማዕረግ ሊይዝ ይችላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህ እንግዳ ነው። በእኛ ዘንድ ሽምግልና ዕድሜም ነው፣ ሥራም ነው፤ ሽማግሌ የተጣላ ያስታርቃል፣ ለጋብቻ ይላካል፣ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አረጋውያኑ ጥንዶች ለወጣቶቹ የማይሞላላቸውን ነገር ይዘው የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። ወጣቱ ሚስዮናዊ የሚያስተምረው ትምህርት አለው፤ አረጋውያኑ ደግሞ የሚቀመጡበት ጊዜ አላቸው። ልጅ ያመመው፣ የቤት ኪራይ የጎደለው፣ ባል የከፋው ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚፈልገው የሚቀመጥለትን ሰው ነው።

ወደ ከተማዋ እንሂድ። የሎስ አንጀለስ ስም ራሱ ስፓኒሽ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1781 በስፔን ዘውድ ሥር ተቆረቆረች፤ በኋላ የሜክሲኮ ሆነች፤ ወደ አሜሪካ የተሻገረችው በ1848 በተፈረመው የጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ነው። እንግዲህ በዚያች ምድር ዘግይቶ የመጣው እንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በእንግድነት የሚቆጠረው ስፓኒሽ ተናጋሪው ነው። በኤል ሳልቫዶር ከ1980 እስከ 1992፣ በጓቲማላ ከ1960 እስከ 1996 የተካሄዱት የእርስ በርስ ጦርነቶች ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቀሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ፒኮ ዩኒየንና ዌስትሌክ በተባሉት ሠፈሮች ከተሙ።

አረጋውያኑ ወደዚህ ዓለም ሲገቡ የሚገጥማቸው የመጀመሪያ ፈተና ቋንቋ ነው። በስልሳ ዓመት ዕድሜ የግስ እርባታ ማጥናት ቀላል አይደለም። ከእርባታው በላይ የሚያስቸግራቸው ግን ለእኛ ቀላል የሆነው ነገር ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ተጠሪ ብቻ አለው። ስፓኒሽ ግን እንደ አማርኛ አንተንና እርስዎን ይለያል፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይላል። በመካከለኛው አሜሪካ በቅርብ ሰዎች መካከል «ቮስ» የሚባል ሦስተኛ ተጠሪም አለ። አንድን የሰማንያ ዓመት እናት «ቱ» ብሎ መጥራት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በጸሎት ጊዜ ግን እግዚአብሔር «ቱ» ይባላል፤ እኛም «አንተ» እንደምንለው። በአንድ ምሽት ባልየው ይህን አደበላልቀው የቤቱን አያት «ቱ» ሲሏቸው፣ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጅ ሳቋን አፍና አረመቻቸው። እርሳቸውም ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ትክክለኛውን ቃልም ከልጅቱ አፍ ተቀብለው ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ምሽት በኋላ በዚያ ቤት የንግግሩ አየር ተለወጠ።

ለምን ተለወጠ? በስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ልጆች አስተርጓሚዎች ናቸው። የሐኪሙን ቃል ለእናት፣ የአከራዩን ማስጠንቀቂያ ለአባት የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። ልጅ ለዕድሜው የማይመጥን ምስጢር ይሸከማል፤ ወላጅ ደግሞ በልጁ ፊት ያንሳል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ሐኪም ቤት አብሮ ሲሄድ ያ ሸክም ለአንድ ቀን ከልጁ ትከሻ ይወርዳል። አረጋውያኑ በአያቲቱ ፊት ተማሪ ሆነው ሲቀመጡ ደግሞ የቤቱ ታላላቆች የአዋቂነት ቦታቸውን መልሰው ያገኛሉ። በእኔ ግምት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ፍሬ ይህ ነው።

ነገር ግን ተመራማሪ የሚያስደስተውን ብቻ ይዞ አይሄድም። በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል ልዩነት አለ። አንዱ ወገን ጡረታ፣ መኪናና ዜግነት አለው፤ ሌላው በቀን ሁለት ሥራ ይሠራል፣ አንዳንዱም የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ጥንዶቹ ሲሰጡ ምስጋና ይቀበላሉ፤ ቤተሰቡ በአንጻሩ የሚሰጠውን ሲያጣ ያፍራል። ስለዚህ በማዕዱ የቀረበላቸውን ፑፑሳ በልተው ማመስገን ራሱ አገልግሎት ነው። ደግሞም እርዳታውና እምነቱ አብረው ሲመጡ፣ ቤተሰቡ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን «አይሆንም» ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው? ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ሃይማኖት ለሚመጣ በጎ አድራጊ ሁሉ የሚቀርብ ነው።

የተቋሙ ታሪክም ይህንኑ ውጥረት ያሳያል። የመጽሐፈ ሞርሞን የተመረጡ ክፍሎች በስፔናዊው ሜሊቶን ትሬሆ ተሳትፎ ወደ ስፓኒሽ ተተርጉመው በ1875 ታተሙ፤ ሙሉው በ1886 ወጣ። ይህን ያህል ቀድሞ በተጀመረ ሥራ ውስጥ እንኳ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የራሳቸው አጥቢያ ይኑራቸው ወይስ ከእንግሊዝኛው ጋር ይዋሃዱ የሚለው ክርክር ተደጋግሞ ተነሥቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አንዳንድ አጥቢያዎች ለውህደት ሲባል ተዘግተው፣ ቆይተው ደግሞ በቋንቋቸው ተደራጅተዋል። በውህደቱ ብዙ ሰዎች ከአንድነት ይልቅ ዝምታ ገጥሟቸው ነበር።

ይህ ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚያው በሎስ አንጀለስ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው በፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይጠይቁታል። ልጆቻችን ቅዳሴውንና ስብከቱን በየትኛው ቋንቋ ይስሙ? አያቶቻቸው ከእነርሱ ጋር በምን ይነጋገሩ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስና ላብቃ። ያን ምሽት ጥንዶቹ መልስ አልሰጡም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ብቻቸውን አልመጡም፤ ከአጥቢያው አንዲት የጓቲማላ ተወላጅ ይዘው መጡ። ቡናና ሻይ ሳይሆን ሌላ መጠጥ ቀረበ፤ በእምነታቸው ቡናና ሻይ አይጠጡምና። ሁለቱ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ማውራት ጀመሩ። ወሬው ፈጠነ፣ «ቮስ» መባባልም መጣ። አረጋውያኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መከታተል አልቻሉም፤ ጽዋቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ዝምታቸው መልስ የማጣት ነበር፤ ይኸኛው ግን መልስ ነበር።