ሞቷል ወይስ ተኝቷል? ተንዠርጋጊ ቤጎኒያ በሐዋሳ ሰገነት ላይ



ዛሬ የምናገረው በመሃል ከተማ ሰገነቶች ላይ ሊንጠለጠል ስለሚችል አንድ አበባ፣ ጎተራ ስላለው ተንዠርጋጊ ቤጎኒያ ነው። «ጎተራ» የምለው ከአፈሩ ሥር ያለውን፣ ድንች የሚመስለውንና ምግብ የሚጠራቀምበትን አካል ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጤናማ ችግኝ በመልካም አፈር ተተክሎ፣ ውኃም ሳይጓደልበት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማበቡን ትቶ ቅጠሉን የሚያራግፈው ስለምንድን ነው? ባለቤቱ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል፤ በመጨረሻም መትከያውን ከነአፈሩ ይደፋዋል።

መልሱን ከተክሉ ታሪክ እንጀምር። የመንዠርገጉን ጠባይ ያወረሰው ቤጎኒያ ቦሊቪየንሲስ የአንዲስ ተራሮች ተወላጅ ነው። ሪቻርድ ፒርስ ለእንግሊዙ የቪች ችግኝ ጣቢያ ከአንዲስ ዕፅዋት የሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሲሆን፣ የጣቢያው አዳቃይ ጆን ሴደን የመጀመሪያውን ዲቃላ በ1870 አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ማዳቀሉና መምረጡ በአመዛኙ የተካሄደው በሰሜን አገሮች ረዥም የበጋ ቀን ነው። በለንደን ረዥሙ ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል።

ይህ ተክል የሌሊቱን ርዝመት ይለካል። ቀኑ ከ14 ሰዓት ሲበልጥ ያድጋል፣ ያብባል፤ ወደ 12 ሰዓት ሲወርድ ግን እድገቱን ገትቶ ምግቡን ወደ ጎተራው ያወርዳል፣ ለእንቅልፍም ይዘጋጃል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ረዥሙ ቀናችን 12 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ለቤጎኒያው ከተማችን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚረግፍባት አገር ናት። ከውጭ የመጡ መጻሕፍት ስለ ውርጭ ሲያስጠነቅቁ፣ የእኛን ችግር ሳይነኩት ያልፋሉ። ተማሪዎቻችን የመትከያ ወራትን ከእነርሱ መገልበጣቸው እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ድንችም የአንዲስ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው ሺምፐር ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። በአንዲስ ድንች ላይም አጭር ቀን ሥሩን ያሳብጣል። በማሳ ላይ የምንመርቀውን ጠባይ በሰገነት ላይ እንረግመዋለን ማለት ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንዲት አነስተኛ አምፖል በተክሉ አጠገብ ማብራት ቀኑን ወደ 15 ሰዓት ያስረዝመዋል። ተክሉ የሚፈልገው ምልክት እንጂ ምግብ የሚሠራበት ብርቱ ብርሃን ስላልሆነ፣ ደብዛዛ ብርሃን ይበቃዋል። የሳሎን መብራት የሚደርስበት ሰገነት ከጨለማው ጓሮ የተሻለ ነው የምለውም ስለዚህ ነው።

ስለ መትከያው ባጭሩ ልበል። የቀለም ባልዲም ቢሆን ከታች በደንብ ከተበሳ ይሆናል። ቤጎኒያ አፈሩ ውኃ ሲያቁር ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በስብሶ የበሰለ የቡና ገለፈት ብስባሽ ከደቃቅ ቀይ አሽ ጋር ቀላቅሉ። በስምጥ ሸለቆው የሞላው ፑሚስም ቀላልና አየር አስገቢ ስለሆነ ለተንጠልጣይ ዕቃ ይመቻል። ተክሉ ጥቂት ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፤ የሐይቃችን ውኃ ግን አልካላይን በመሆኑ፣ የክረምት የጣሪያ ውኃ ማጠራቀም ይሻላል። የጠዋት ፀሐይ ይጠቅመዋል፣ የቀትሩ ቅጠሉን ያቃጥላል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እምቡጥ ቢያራግፍ አትደናገጡ።

ቅጠሉ ሁሉ የረገፈበትን መትከያ ከመድፋታችሁ በፊት ግን ጎተራውን አውጥታችሁ በጣት ጫን አድርጉት። ለስልሶ ከሰረጎደ በስብሷል። ጠንካራ ከሆነ ተኝቷል፤ አራግፋችሁ በደረቅና ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ቀይ ጫፍ ሲያወጣ ጎድጓዳውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስስ አፈር አልብሱት፣ አምፖሏንም ከዚያው ምሽት ጀምራችሁ አብሩለት።