እግዚአብሔርን ማስቀደም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከትምህርት ቤት ለምንወጣ ተማሪዎች ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ «ወደፊት ምን ትሆናላችሁ?» የሚል ነው። አንዳችን ሐኪም፥ አንዳችን መሐንዲስ፥ አንዳችን ነጋዴ እንሆናለን ብለን እንመልሳለን። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የምንሆነውን ሁሉ የምንሆነው ለማን ብለን ነው?» የሚለው ነው።

አባቶቻችን ይህን ቅደም ተከተል ያውቁታል። የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ለይቶ ንባብ ሲጀምር በዮሐንስ መልእክት ጀምሮ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ገበሬውም ክርስቲያን ቢሆን በስመ አብ፥ ሙስሊም ቢሆን ቢስሚላህ ሳይል ዕርፍ አይጨብጥም። ሆኖም የፈጣሪውን ስም ጠርቶ ቁጭ አይልም፤ ያርሳል። እንግዲህ እግዚአብሔርን ማስቀደም ማለት ደብተርን ዘግቶ በጸሎት ብቻ ፈተና ለማለፍ መጠበቅ አይደለም።

ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን የሚወደውን እንዲለምን በተፈቀደለት ጊዜ ረጅም ዕድሜ፥ ሀብት ወይም የጠላቶቹን ሞት አልለመነም፤ በሕዝቡ ላይ በቅን የሚፈርድበትን አስተዋይ ልብ ለመነ። የለመነው ለሥራው የሚያስፈልገውን ነበር። ነገር ግን በእርጅናው ዘመን ልቡ ወደ ሌሎች አማልክት ስላዘነበለ መንግሥቱ ከእርሱ በኋላ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ይህ ምርጫ አንድ ቀን ተመርጦ የሚያበቃ ሳይሆን በየዕለቱ የሚታደስ ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አናጣም። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለሦስት ዓመት ሊሠሩ ነበር። እዚያም ከአስጨናቂ ምጥ የተነሣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸውንና ከሰው የተገለሉትን የፊስቱላ ሕሙማን አዩ። ሁለቱም እምነታቸውን የሥራቸው መሠረት ያደረጉ ክርስቲያኖች ነበሩና በዚሁ ቀሩ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። ልብ እንበል፤ ሙያቸውን አልለወጡም፤ ሐኪሞች ነበሩ፥ ሐኪሞችም ሆነው ቀሩ። እምነታቸው ያመለከታቸው በሙያቸው ማንን ማገልገል እንደሚገባቸው ነው።

ጓደኞቻችን፤ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ማርክን አምላኩ ያደረገ ተማሪ ማርኩ ሲጎድል እርሱም የጎደለ ይመስለዋል፤ ለማለፍ ሲልም መኮረጅ ይቀለዋል። እግዚአብሔርን ያስቀደመ ግን ቢያልፍ አይታበይም፤ ቢወድቅም ክብሩ ከወረቀቱ ጋር አይወድቅም። ተነሥቶ እንደገና ይሞክራል፥ ወይም በሌላ ሙያ አገሩን ያገለግላል።

ስለዚህ ሙያ ከመምረጣችን በፊት ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። የተሰጠን ተሰጥዖ ምንድን ነው? ይህ ሥራ ማንን ይጠቅማል? ሳንዋሽና ጉቦ ሳንበላ እንጀራችንን ልናገኝበት እንችላለንን? ደመወዙ ስንት ነው የሚለው አራተኛ ይሁን፤ ወላጆቻችንን መርዳት ግዴታችን ስለ ሆነ ጥያቄው አይቀርም፥ ግን አይቅደም።

እናንተንም ወላጆቻችንን በአክብሮት የምንለምናችሁ አለን። ልጃችሁ መምህር ወይም ነርስ ልሁን ቢላችሁ፥ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንደ መረጠው ጠይቁት።

ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል ይባላል። እኛም አስበን እንትጋ፤ ፍጻሜውን ለእርሱ እንተው። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።