አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ብዙ ስም፦ የሸክላና የካሴት አሳታሚዎችን በመረጃ ቋት ስለ መመዝገብ

(በሰቆጣ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት የሸክላ ሙዚቃ ዝርዝር ሳዘጋጅ «አምሃ» እና «አምኃ» የሚሉትን ሁለት አጻጻፎች እንደ ሁለት አሳታሚዎች ቈጥሬ፣ ቍጥሩንም ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት አሳታሚ ግን አንድ ብቻ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን ደፍረው የጀመሩትን ሥራ፣ እኔ በአንድ ፊደል ምክንያት ለሁለት ከፈልኩት።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚመጣ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ በ«አ»፣ «ኣ»፣ «ዐ» ወይም «ዓ» መጻፍ ይቻላል፤ የመጨረሻውን ደግሞ በ«ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ»። አራት ጊዜ ስድስት 24 ነው። ጆሯችን አንድ ስም ሲሰማ፣ ኮምፒዩተር 24 የተለያዩ ስሞችን ያያል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሲጨመርበት ቍጥሩ ከዚህም ያልፋል።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ነው፤ ባለቤቱ አንድ፣ አጻጻፉ ብዙ። ሁለተኛው ዓይነት የበለጠ ያሳስታል። አቶ አሊ አብደላ ካይፋ በብዙዎች ዘንድ «አሊ ታንጎ» በመባል ይታወቃሉ። «ካይፋ» የሸክላ አሳታሚው ስም ነው፤ «ታንጎ» የሙዚቃ ቤታቸው። ሰውየው አንድ ቢሆኑም አሳታሚው፣ መደብሩና የሰው ስሙ ሦስት ነገሮች ናቸው። የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ታተመ፤ በ1986 የቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበው፤ በ1999 ደግሞ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በ«ኢትዮጲክስ» 7ኛ ቅጽ አወጣው። ሙዚቃው አንድ ነው ብለን ሦስቱን አሳታሚዎች ብንቀላቅል፣ መጀመሪያ ገንዘቡን አውጥቶ ያስቀረጸው ማን እንደሆነ ይጠፋብናል።

ይህ የመዝጋቢዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲውና ከከዋኙ በተጨማሪ ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰርም የራሱን መብት ይሰጣል። በሸክላው ላይ የታተመው ስም የመብት ምልክት ነውና፣ ስሙ ሲዛባ መብቱን የሚጠይቅም የሚጠየቅም ይሰወራል።

አሁን ወደ ዋግ ልመለስ። ይህ ምድር «ዋግ ኽምራ»፣ «ዋግ ኸምራ»፣ «ዋግ ሕምራ» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን፤ ቋንቋውም «ኽምጣና» ወይም «ኽምጥኛ» ይባላል። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ «ኸ»ን ወደ «ሀ» ይለውጣሉ። ለአማርኛ ፍለጋ ይህ ሊጠቅም ይችላል። በኽምጣና ግን «ኽ» የራሱ ድምፅ አለው። ነገ አንድ ወጣት እዚህ ሰቆጣ ስቱዲዮ ከፍቶ ድርጅቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢሰይም፣ ያ ደንብ ስሙን ባለቤቱ የማያውቀው ስም ያደርገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሽፋኑ ላይ የታተመው ስም ከነስሕተቱ ሳይታረም ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሚውዚክብሬንዝ የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት እንደሚያደርገው ለእያንዳንዱ አሳታሚ አንድ ቋሚ መለያ ተሰጥቶ፣ ሌሎቹ አጻጻፎች ሁሉ በተለዋጭ ስምነት ይያያዙበት። ሦስተኛ፣ ፊደላትን አንድ ማድረግ ለፍለጋ ብቻ ይዋል፤ ዋናው መዝገብ አይነካ። በባለቤትነት ወይም በፈቃድ የሚለያዩ አሳታሚዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መለያ ቆመው ግንኙነታቸው ይጻፍ።

ተማሪዎቼ፣ ለዕረፍት ወደ ዝቋላም ሆነ ወደ ጋዝጊብላ ስትሄዱ የወላጆቻችሁን የካሴት ሣጥን ክፈቱ። የሽፋኑን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የአሳታሚውን ስም እንደ ታተመ ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ የገዛችሁበትን ሳይሆን ያሳተመውን ለዩ። «ይህ ፊደል ስሕተት ነው» ብላችሁ እንዳታርሙት አደራ እላችኋለሁ። እኔ ያረምኩ መስሎኝ ያጠፋሁትን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።