ተመሳሳይ ቃላትን ለይቶ ስለ ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምንማርበት ሰፈር ሰንጋ ተራ ይባላል። በሬ፥ ወይፈን፥ ኮርማና ሰንጋ ለከተማ ልጅ ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ለገበሬ ግን በሬ የሚያርሰው፥ ወይፈን ገና ለቀንበር ያልደረሰው፥ ኮርማ ለዘር የሚቀረው፥ ሰንጋ ደልቦ የሚታረደው ነው። ቃሉን የሳተ ገዥ ገንዘቡን ይስታል።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፥ የቃላትን ልዩነት ለማወቅ ብዙዎቻችን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅ ጀምረናል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጠያየቁን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን «ይቅርታና ምሕረት ምንድን ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱም በደልን መተው ናቸው ሲል መለሰልኝ። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም በታክሲ ሰልፍ የሰው እግር የረገጠ «ይቅርታ» ይላል እንጂ «ምሕረት» አይልም። ስለዚህ «በኢትዮጵያ ሕግ በምን ይለያያሉ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። በዚህ ጊዜ ለየልኝ። እኔም መልሱን ለማመሳከር በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ ገለጥሁ። በአንቀጽ 229 ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ይኖራል። በአንቀጽ 230 ምሕረት ክሱን ያቋርጣል፤ የተሰጠውንም ፍርድ እንዳልነበረ ያስቆጥራል። ይቅርታን ፕሬዚዳንቱ ይሰጣል፤ ምሕረት ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደ ሆነው በዐዋጅ ይወጣል።

እንግዲህ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፥ በልደታ በሚያስችለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሚቆም ሰው፥ ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ አይደለም። አንዱ ከወኅኒ ሲያወጣው፥ ሌላው እንዳልተፈረደበት ያደርገዋል።

መሣሪያው የሚመልሰው ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። ያገኘው የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሦስት ነገር ላሳስባችሁ። አንደኛ፥ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱን ጠይቁ። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ቃል የምሳሌ ዐረፍተ ነገር አስጽፉት፤ ስሕተት ቶሎ የሚታየው በዚያ ነውና። ሦስተኛ፥ መልሱን በ1962 ዓ.ም. ከታተመው ከደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ጋር አመሳክሩ፤ ታላላቆቻችሁንም ጠይቁ። መሣሪያው ቢሳሳት በቃሉ የሚጠየቀው ተናጋሪው ነው።

ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እመኛለሁ።