ዋስትና ያለውን ዕቃ ለምርመራ ስለ መመለስ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የመንግሥትን ገንዘብና የሠራተኛን ድካም የሚመለከት ስለ ሆነ ቸል ሊባል አይገባውም። ይኸውም ዋስትና ያለው ዕቃ ጉድለት ሲገኝበት ለምርመራ ወደ ሻጩ ስለ መመለስ ነው።

አባቶቻችን በገበያ በቅሎ ሲሻሻጡ ዋስ ይጠሩ ነበር። ነገ ክርክር ቢነሣ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። ዛሬ ከመደብር ዕቃ ስንገዛ የሚሰጠን የጋራንቲ ወረቀት የዚያ ዋስ ምትክ ነው። ልዩነቱ፣ ሰው የሆነ ዋስ ይናገራል፤ ወረቀት የሆነ ዋስ ግን ገዢው ካላናገረው አይናገርም።

ለምሳሌ ያህል፣ በደቡብ ወሎ በቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለካርታ ሥራ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ ገዛ እንበል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የሚባል፣ ምስልን አሰናድቶ ወደ ስክሪኑ የሚልክ ክፍል አለ። ኮምፒዩተሩ ጧት ደኅና ይሠራል፤ ከባዱ ካርታ ተከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ ግን ስክሪኑ በመስመር ይዥጐረጐራል፣ ወይም ጭራሹን ይጨልማል። ሠራተኛው ተበሳጭቶ ካርዱን ይነቅልና «ተበላሽቷል» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ በአቀስታና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። የመደብሩ መርማሪ ለ10 ደቂቃ ይሞክረዋል፤ ስክሪኑ ጥርት ብሎ ይታየዋል። «ጉድለት አልተገኘበትም» ብሎም ይመልሰዋል። ካርዱ ያን ሁሉ መንገድ ተጕዞ ከነሕመሙ ይገባል፤ የዋስትናው ዘመን ግን በመንገድ ሳለም መቍጠሩን አላቆመም።

በዚህ ጊዜ መርማሪውን ሐሰተኛ፣ ሠራተኛውን ሰነፍ ማለት ይቀናል። እውነቱ ግን ሁለቱም ያዩትን መናገራቸው ነው። ትኩሳቱ ማታ ማታ የሚነሣበት በሽተኛ ጧት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሰዓቱን ካልተናገረ ሐኪሙ ምን ያገኛል? ስለዚህ ዕቃ የሚመልስ ሰው ዋና ተግባሩ መርማሪው ያንኑ ጉድለት በዐይኑ እንዲያየው ማድረግ ነው።

እንዴት ቢባል፣ በመጀመሪያ ጥፋቱ በእውነት የካርዱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የስክሪኑን ገመድ መለወጥ፣ ለካርዱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን መሰኪያ አጥብቆ መሰካት፣ ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር የተባለውን ፕሮግራም አጥፍቶ እንደ ገና መጫን ይገባል። ከዚያም ካርዱን በሌላ ኮምፒዩተር፣ ሌላ ደኅና ካርድ ደግሞ በዚያው ኮምፒዩተር መሞከር ነው። ጉድለቱ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካርዱ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ከቀረ ግን ምናልባት የፓወር ሳፕላዩ ሊሆን ስለሚችል ካርዱን በከንቱ አንክሰሰው።

ብርድ አገር ነን ብሎ መዘናጋትም አይገባም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሙቀትን የመውሰድ ኀይሉ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የማራገቢያው ክንፍ በአቧራ ከተደፈነ ካርዱ ይግላል። አቧራን መጥረግ የገዢው ሥራ ነው። ነገር ግን በካርዱ ላይ የተለጠፈውን ማኅተም መቅደድ፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ካርዱን በእሳት ሙቀት «አክማለሁ» ማለት ዋስትናውን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

ሁለተኛ፣ ምስክሩን በጽሕፈት መያዝ ነው። በስንት ሰዓት፣ በምን ሥራ ላይ፣ ካርዱ ስንት ዲግሪ ሙቀት ላይ ሳለ፣ ምን ዐይነት መስመር ታየ? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የተዥጐረጐረው ስክሪንም በስልክ ይነሣ። የካርዱ ሴሪያል ቍጥር በደብዳቤው ላይ ይስፈር፤ የተላከውና የሚመለሰው አንድ መሆኑ የሚታወቀው በርሱ ነው። ካርዱም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ጥርሱ በእጅ ሳይነካ፣ በመጣበት ከረጢትና ካርቶን ለብቻው ይታሸግ።

ሦስተኛ፣ መብትን ማወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማስታወቅ እንደሚገባው ይደነግጋል። ለራሱና ለቤተ ሰቡ ለሚገዛ ግለ ሰብ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813፣ ጕድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከውጭ አገር የገባ ዕቃ የአምራቹ ዋስትና በሌላ አገር ብቻ የሚጸና ሊሆን ስለሚችል፣ ዋሱ አምራቹ ይሁን ሻጩ ከመግዛት በፊት ጠይቆ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ብልኅነት ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ሞዴል 19 ተቈርጦ ዕቃው ግምጃ ቤት ሲገባ ካርቶኑን ቈጥሮ መፈረም ብቻ አይበቃም። ዕቃው በተረከብንበት ሳምንት በሚውልበት ሥራ ላይ ሙሉ ቀን ይፈተን። ከወራት በኋላ የሚገለጥ ጕድለት በዚያው ሳምንት ሊታይ ይችላልና። ዕቃ መመለስ ልመና አይደለም፤ ጠብም አይደለም። ያየነውን በሥርዐት ጽፈን ብንልክ ሐቀኛ ነጋዴ ያመሰግነናል፤ ሐቀኛ ያልሆነውም ማምለጫ ያጣል።