መንዳት የሚወድ ሰው በኤሌክትሪክ መኪና ይረካል ወይ?
(በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



መንዳት ለሚወድ ሰው ማርሽ መቀየሩና የሞተሩ ድምፅ ራሱ ደስታ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶቻችን የኤሌክትሪክ መኪና መጫወቻ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። የእንጦጦን ዳገት የምታውቁ አስታውሱ። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ያንሰዋል። የኤሌክትሪኩ ግን አየር አይሻም፤ ከቆመበት ሲነሣም ሙሉ ጉልበቱን ወዲያው ይሰጣል። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ (ይህ ለእኔ ትልቁ ጉድ ነው) ባትሪውን በመጠኑ መልሶ ይሞላል። ኢትዮጵያም በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

ችግሩ ጊዜ ነው። ቤንዚን በደቂቃዎች ይቀዳል፤ በቤት መሙያ ባትሪ መሙላት ግን ሰዓታት ይወስዳል። ቤተር ፕሌስ የተባለው ኩባንያ በእስራኤል ባዶውን ባትሪ በሙሉ የሚለውጡ ጣቢያዎች ሠርቶ ነበር፤ በ2013 ከሰረ። እንግዲህ በቤታችሁም በሥራ ቦታችሁም መሙያ ከሌለ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካለ ግን በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ምቹ ነው፤ እርሱ ሲሠራ መኪናው ይሞላል።

ለወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ነገ የፋብሪካ ዕቃ ማመላለሻ ለመንዳት የምታስቡ፣ በአውቶማቲክ የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ማርሽ ላለው መኪና ያገለግል እንደሆነ ለትምህርቱ ከመክፈላችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ።