እግር ከሌለ እርሻ የለም
የስኳር ሕመም ስላለባቸው ገበሬዎች የእግር አጠባበቅ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር





በዛሬው በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ገበሬው በእግሩ ቆሞ ሲያርስ ነው። ከፋርጣ እስከ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ ያለው ደጋ በሬን እየተከተሉ በእግር የሚታረስ አገር ነው። ስለዚህ ስለ እግር መናገር ስለ ምርት መናገር ነው።

«ስኳር የከተሜና የባለጸጋ በሽታ ነው» ሲባል በየመንደሩ ይሰማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው በጎንደር አካባቢ ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙትን ጥናት ያየ ሰው፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ በችግር ያደጉ ቀጫጭን ወንዶች መሆናቸውን ይረዳል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ ሕመሙ ሙሉ ጎተራና ባዶ ጎተራ አይለይም።

በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛው ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ናቸው። ነርቭ ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል፤ እሾህ ሲወጋው፣ ጠጠር ሲፍቀው አያውቅም። የደም ሥር ሲጠብ ደግሞ የቆሰለው ቶሎ አይድንም። የማያም ቁስል ማንም አያስታምመውም፤ ሳይታይ እስከ አጥንት ይዘልቃል። በስኳር ሕሙማን ላይ ከሚደረጉት የእግር መቆረጦች 85 በመቶ ያህሉ የሚጀምሩት እንዲህ ባለ ቁስል ነው።

አንድ አባወራ በኅዳር አጨዳ ላይ የገብስ ቃርሚያ እግሩን ወጋው እንበል። አላመመውምና አጨዳውን ቀጠለ፤ ከዚያም ውድማ መጣ። «አዝመራው ይግባና እታከማለሁ» ሲል ወር አለፈ። እግሩ ሲሸትና ሲጠቁር ሆስፒታል ቢደርስ የቀረው ምርጫ መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፣ በሬው ይሸጣል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በጅማሬው ይህን ሁሉ የሚያስቀረው የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በአገሩ ባህል ከእርሻ የተመለሰ አባወራ ማታ እግሩ ይታጠባል። ይህ መልካም ልማድ ለስኳር ሕሙማን መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የምታጥበው ባለቤት ወይም ልጅ ኩራዝ ወይም ባትሪ አብርታ የእግሩን መዳፍ፣ ተረከዙንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ትመልከት፤ ስንጥቅ፣ ውኃ የቋጠረ ቆዳ፣ መቅላት ወይም እብጠት መኖር አለመኖሩን ታጣራ። ሕመምተኛዋ እናት ከሆነችም እንዲሁ ይደረግላት፤ እርሷም ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የምትውለው በእግሯ ነው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን ጤነኛ ሰው በክርኑ ይለካ እንጂ ሕመምተኛው በእግሩ አይሞክረው። ከታጠበ በኋላ በተለይ የጣቶቹ መካከል በደንብ ይድረቅ። የደረቀ ቆዳ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም።

የጉና ብርድ የታወቀ ነው። ሌሊት እግርን ወደ ምድጃ ማስጠጋት የተለመደ ቢሆንም፣ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ለብርዱ ካልሲ ይበቃል። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ካልሲ ቢሆን ደግሞ ደምና መግል ቶሎ ይታይበታል።

በባዶ እግር መሄድ በቤት ውስጥም ቢሆን ይቅር። የላስቲክ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ነገር ግን ይፍቃል፣ ውኃም ይይዛልና ያለ ካልሲ ባይደረግ ጥሩ ነው። ጫማ ከመጫማት በፊት እጅን አስገብቶ ጠጠር፣ ሚስማር ወይም እሾህ እንዳለ መፈተሽ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ ሲገዛ ከሰዓት በኋላ ይለካ፤ እግር ያን ጊዜ አበጥ ይላልና። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ጥግ ጥጉ አይጎርጎር። የጠነከረ ቆዳ በምላጭ አይቆረጥ፤ በቁስል ላይም ቅጠል፣ ጨውና የጋለ ብረት አይደረግ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

እግር መደንዘዙን በቤት ማወቅም ይቻላል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን፤ ሌላ ሰው የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ በጣቱ ቀስ ብሎ ይንካ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እግሩ ደህና የሆነም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ። ቁስል፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም የጠቆረ ቆዳ ከታየ ግን ገበያ ቀንና አዝመራ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በቁስሉ ላይ ሳይረግጡ በበቅሎም ሆነ በሰው ድጋፍ ወደ ሕክምና መድረስ ይገባል።

የማኅበራት ድርሻ ምንድን ነው? ማዳበሪያ በጅምላ የሚያመጣ ማኅበር ደህና ጫማና ካልሲም በጅምላ ሊያመጣ ይችላል። ጠቅላላ ጉባኤ በሚጠራበት ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተጋብዛ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አባላት እግር ብታይ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ ዞን ፎገራ ነበር። የመድን መዋጮ ምርት በሚሸጥበት ወቅት እንዲከፈል ማኅበሩ ቢያስታውስ፣ አባሉ በቆሰለ ቀን በሬ ሊሸጥ አይገደድም።

የሥራ ኃላፊዎችም ጤና ጣቢያዎች የስኳር መለኪያና መድኃኒት እንዳያጡ፣ የሕሙማንም እግር ካልሲ ወልቆ እንዲታይ ይከታተሉ። ጫማውን ያላወለቀ ሕመምተኛ ተመረመረ አይባልም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ማታ እግር ሲታጠብ ኩራዙ ጠጋ ይበል። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሁሉም አባል በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲገኝ መልካም ምኞት ነው።